የፑሽፖ ኩሬ ውሃ

የውሃ መርማሪዋ ሩማና ቦይራታላ መንደር ስትደርስ፣ ሰዉ ጥፋተኛዋን አግኝቶ ጨርሷል። አተት ሦስት ልጆች ቀጥፏል። የመጨረሻዋ ሟች፣ የመንደሩ ሽማግሌ የሞክሌስ ሚያ የልጅ ልጅ ነበረች።

«መመርመሩ ለወጉ ነው እንጂ፣ አፓ፣ እህቴ» አላት ሞክሌስ ሚያ። «ያቺ አጣቢ የበሽተኛ ጨርቅ ስትዘፈዝፍበት የምትውለውን ኩሬ ማን ያጣዋል? ልጆቻችንን የፈጀችው እሷ ናት።»

አጣቢዋ ፑሽፖ ትባላለች። ባሏ ሞቶባት ከኩሬው ዳር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። በመንደሩ ልብስ ያላጠበችለት ቤት የለም።

የሩማና የውሃ መመርመሪያ ማሽን ከምሳ ዕቃ አይበልጥም። ውሃው በቀጫጭን ሽቦዎች መካከል ያልፋል፤ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ በውሃው የተበተኑት ተህዋስያን እየተሳቡ ሽቦዎቹ ጠርዝ ላይ ይከማቻሉ። በባልዲ ሙሉ ውሃ ተፈልጎ የሚጠፋው በአንዲት ጠብታ ይገኛል። የሠራችው ራሷ ሩማና ስለሆነች ትኮራበታለች። ባልደረባዋ ታፓን አተት ከገባበት ሌላ መንደር በቀጥታ በጀልባ ጭኖት መምጣቱ ነው።

«ከየቤቱ ውሃ እንጀምር?» አላት ታፓን።

«ሰው እየሞተ? መጀመሪያ ኩሬው!»

ባልዲውን ሞልታ የሰጠቻት ራሷ ፑሽፖ ናት። «ልጄ፣ እኔም እኮ የምጠጣው ይህንኑ ነው» አለች።

ሩማና ባልዲውን ተቀብላ ውሃውን በማሽኑ አሳለፈች። ጠብታዋን በማይክሮስኮፕ ስታያት በአተት ተህዋስያን ትርመሰመሳለች።

«አለ!» አለች ጮክ ብላ።

ሌላ ቃል አላስፈለገም። ወንዶቹ የጎጆዋን ጣሪያ ገፈፉት። ሞክሌስ ሚያ የልብስ መውቂያ ድንጋይዋን እየገፋ ኩሬው ውስጥ ከተተው። «ውጪልን! እርግማንሽን ይዘሽ ውጪልን!»

ፑሽፖ አላለቀሰችም። ያጠበቻቸውን የሰው ልብሶች አጣጥፋ በየባለቤቶቹ ደጃፍ አስቀመጠች። ከዚያ የራሷን ጥቅል ተሸክማ ሩማና ፊት ቆመች።

«አይተሽ ነው አይደል፣ ልጄ?»

«አይቼ ነው፣ ማሺ፣ አክስቴ» አለች ሩማና። ዓይን ዓይኗን ማየት ግን አቃታት።

በማግስቱ ሩዙን ሳትቀምሰው ገፋ አደረገችው።

«እውነቱን ተናገርሽ እንጂ ምን አደረግሽ?» አላት ታፓን።

«አፌን ልዘጋ እችል ነበር። ሰዎቹን ላስቆም እችል ነበር። ቆሜ አየሁ፣ ታፓን።»

ሐፍረቱ እንዲለቃት ከየቤቱ የተቀዳውን ውሃ ልትመረምር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ታፓን ያቀበላትን የመጀመሪያውን ጠርሙስ ማሽኑ ውስጥ አሳለፈችና ጠብታዋን አየች። ከትናንቱም ይብሳል! ደረቷ ቀለል አለው። ሌላም ቤት አለ ማለት ነው፤ ፑሽፖ ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው። ተጠርታ ትመለሳለች፤ ጣሪያዋም ይሠራላታል።

«ይሄ የማን ቤት ውሃ ነው?»

ታፓን ጠርሙሱን አገላብጦ አየው።

«የማንም አይደለም» አላት። «ከመጣን ያልታጠቡትን ሽቦዎች እናጥብበት ብለሽ ጠዋት ራስሽ ያፈላሽው ውሃ ነው።»