የቤሬዶ ግንብ ድንጋይ

በጋሊሲያ አገር፣ ኮረብታ ላይ ያለው የቤሬዶ ጌቶች ግንብ ከፈረሰ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። ያፈረሰው ገበሬው ራሱ ነው፤ ድንጋዩንም እየተሸከመ ቤቱን ሠራበት። የግንቡ እመቤት «በድንጋዬ ቤት የሠራ ወንድ ልጅ አይደግለት» ብላ ረግማ ሄደች ይባላል። መንደሩ ይስቅበታል።

የግንቡ ዘበኛ አማሮ ግን ሰሞኑን ሳቅ አልነበረውም። አለቃው «ከግንቡ ድንጋይ ከጎደለ ሌላ እንጀራ ፈልግ» ብሎታል።

በየጥቂት ቀኑ ጠዋት በግንቡ ግቢ አዲስ የድንጋይ ክምር ያገኛል። አንዳንዱ ላይ ነጭ ኖራ ተጣብቆበታል። ሌባ ሊጭነው አዘጋጅቶት ነው ብሎ ክምሩን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ይልካል።

ወደ ግንቡ በሚወስደው መንገድ የሚመላለሱት እማማ ዶሲንዳ ብቻ ናቸው። ቅርጫት በራሳቸው ላይ ተሸክመው ፍየላቸውን እየጎተቱ ይወጣሉ። ሽቅብ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ፤ ቁልቁል ግን እንደ ልጃገረድ ነው የሚወርዱት።

«እማማ፣ ዛሬም መጡ?»

«ምነው፣ ፍየሌ ደመወዝህን በላችብህ?»

«ቅርጫቱ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ጎመን ነዋ! ምሳዋ ነው። ልትሻማት ነው?»

አማሮ ሳቀና «ልጅዎ ብራይስስ እንዴት ነው?» አለ።

የአሮጊቷ ፊት ጠቆረ። «ሳሉ አልለቀቀውም። ሁለቱን ወንድሞቹን ቀብሬያለሁ፤ እሱን አልቀብርም። ትንሽ ነው የቀረኝ። ስጨርስ ይድናል።»

አማሮ ገባው። ለሐኪም ክፍያ ብለው ድንጋዩን ይሸጡታል ማለት ነው። አዘነ፤ ግን የእሱም ልጆች ይበላሉ። በማግስቱ ፖሊሱን ኪንቴላን ይዞ ቤታቸው ሄደ።

እማማ ዶሲንዳ በሩ ላይ ቆመው ፖሊሱን ተቆጡት። «አንተ የፔሩቾ ልጅ፣ እናትህን ያዋለድኩት እኔ ነኝ! ልጄ ተኝቷል፤ አትግቡ!»

«ድንጋዩ የት ነው ያለው?» አለ አማሮ።

«ቦታው ገብቷል።»

«አፍ አላቸው እኮ» አለ ኪንቴላ፤ ገፋ አድርጓቸው ገባ።

ብራይስ ሦስት ካፖርት ደራርቦ ይንቀጠቀጣል። ከአልጋው በስተኋላ ከጣሪያ እስከ ወለል አሮጌ ሸራ ተዘርግቷል። ሸራው ተነፍቷል።

«ይኸው፣ የደበቁት እዚህ ነው!» ብሎ አማሮ ሸራውን ገለጠው።

ግድግዳ አልነበረም፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ኖራ ብቻ ቀርቷል፤ ከማዶ ግንቡ ይታያል።