ልክክ ያለ ኮት

ታላቁ ጦርነት ካበቃ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ አዲስ ልብስ ሰፍታ አታውቅም። ሥራዋ ቀዳዳ መዝጋት ሆኗል። ክንፋሞች ኮት ሲያሰፉ ጀርባው ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ክንፍ ማውጫ ቀዳዳ ይተውላቸው ነበር። አሁን እነዚያ ኮቶች በየቀኑ ይመጡላታል። ያመጣው ሁሉ "ከሰልባጅ ገዛሁት" ይላል፤ እሷም ነገሩን አትመረምርም። መጀመሪያ የዘጋችው አሁን ራሷ የለበሰችውን ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ቀዳዳውን በስስ ክር ትዘጋለች፣ ትተኩሳለች፣ አለቀ። ትከሻ ማጥበብ የለ፣ እጅጌ ማሳጠር የለ። ኮቱን ስታስረክብ ግን ዓይኗ መሬት መሬት ነው፤ የደንበኛውም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ልብስ የሚያለብስና የሚለብስ ምን ዓይን አለው?

ባለፈው ሳምንት የሕዝብ ቆጠራው ውጤት በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ግዙፎች በግማሽ ቀንሰዋል። የዋሻ ሰዎች ጥቂት ቀርተዋል። ክንፋሞች አንድም የሉም። ተራው ሰው ግን ከጦርነቱ በፊት ከነበረው በዝቷል።

"ጦርነቱ ወልዶ ነው እንዴ እንዲህ የበዛነው?" አለች ጎረቤቷ ሻይ ሻጯ። ዱካዎቿ ላይ ጎንበስ ብለው ከተቀመጡት አንድም የሳቀላት የለም። በዚህ ሰፈር ሁሉም ጀርባዬን ባይ ነው፤ ፋርማሲ የገባ ቅባት ውሎ አያድርም።

ዛሬ ኮቱን ሊወስድ የመጣው ባለልኳንዳው ነው። ስለ እሱ የሚወራ ነገር አለ። ክንፋሞች ተሸንፈው፣ ከእንግዲህ ለክንፋም ቤትም ሥራም የለም ተብሎ በታወጀ ሰሞን፣ ከግቢው ጩኸት ይሰማ ነበር። ደም ያራሰው ጆንያ በጋሪ ተጭኖ ሲወጣ ያዩም አሉ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ክንፋም አልታየም። ልብስ ሰፊዋ ወሬው ሲነሳ መርፌዋ ላይ ታቀረቅራለች። በዚያ ሰሞን እሷም ከግቢው ገብታ ነበር።

"እትዬ፣ ደረሰልኝ?"

"መተኮስ ብቻ ነው የቀረው። ጃኬትህን አውልቅና ጠብቀኝ።"

ባለልኳንዳው ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። እሷ ካውያውን አንስታ ገና አንገትጌውን ስትጀምር በሩ ላይ ጥላ ቆመ።

ብርድ ልብስ የደረበ ሽማግሌ ነበር። ከብርድ ልብሱ ሥር የተጎሳቆለ ላባ ወጥቶ ይታያል። ከምርኮ የተፈታ ክንፋም ነው። ካውያውን ከኮቱ ላይ አንስታ አስቀመጠች።

"ልጄ፣ ይኼን ኮት በመስኮት አይቼ ነው። የታናሽ ወንድሜ ነው። አንገትጌው ላይ ያለውን ጥልፍ እናታችን ናት የጠለፈችው።"

"ከሰልባጅ የተገዛ ነው፣ አባባ።"

"ማን ገዛው? የት እንደወደቀ ያውቅ እንደሆን ልጠይቀው።"

መጋረጃውን አየች። መጋረጃው አልተነቃነቀም።

"አላፊ አግዳሚ ነው። አላውቀውም።"

ሽማግሌው ኮቱን ገልብጦ ቀዳዳዎቹ የነበሩበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። "እጅሽ ጥሩ ነው" አላት። "ከነጭራሹ ቀዳዳ የነበረው አይመስልም።"

ኀፍረቱ ፊቷን አነደደው። ያልሰማች ለመምሰል ክር መጠቅለል ጀመረች።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከኛ ወገን የተረፈ አለ? አንድ እንኳ ካለ ለምኜም ቢሆን እዚሁ እኖራለሁ። ከሌለ በባሕሩ ላይ በርሬ እሄዳለሁ።"

"ባሕሩ ሰፊ ነው፣ አባባ። በዚህ ክንፍ አይሻገሩትም።"

"አውቃለሁ።"

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ደግማ ወደ መጋረጃው አየች፤ ጠበቀች። እዚያ ያለው ሰው ትንፋሹን እንኳ ውጧል።

"አንድም የለም" አለች።

"እንግዲያው ቆጠራው ልክ ነው።" ሽማግሌው አንገትጌውን ሳመና ኮቱን መለሰላት። "ማንም ይልበሰው ማን፣ ይሙቀው።"

ወጥቶ ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ሲያዘግም በመስኮት አየችው። መጥራት ትችል ነበር፤ አልጠራችውም። በዚያች ሰዓት ራሷን ጠላች።

ባለልኳንዳው ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከሸሚዙ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ያበጡትን ሁለት ጠባሳዎች እንዳትነካ ተጠንቅቃ ኮቱን አለበሰችው። ትከሻውም እጅጌውም ልክክ አለ። እሱ ጥልፉን በመዳፉ ሸፍኖ መንገዱ ባዶ እስኪሆን ድረስ በመስኮቱ ሲያይ ቆየ።

"ወንድም ጋሼ አርጅቷል" አለ።