የተጣሉት ስንኞች

ናስቲሆ በድሬዳዋ የታወቀች የሰርግ ዘፋኝ ነበረች። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ልጁን የዳረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እሷን ጠርቷል። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ላይ ያለው እብጠት በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት፣ ከዚያ በኋላም መዝፈን እንደማትችል ሲነግራት ጥቂት ቀን ብቻ እንዲሰጣት ለመነችው። ድምጿ ዕድሜውን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ከበሮና እልልታ ሲውጠው ኖሯል። በወጉ ተቀርጾ አያውቅም።

ታይዋን ገበያ፣ ከአንድ የስልክ መሸጫ ፎቅ ላይ ሂሻም የሚባል ወጣት ስቱዲዮ ነበረው። እዚያ ሄደች። የወንድሟ ልጅ ሱሀይራም አብራት ነበረች። ሱሀይራ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ናስቲሆ ቤት ያደገች፣ ሰርግ ላይ ከኋላዋ ቆማ እየተቀበለች ዘፈን የተማረች ልጅ ናት። አክስቷን በሶማሊኛ «ኢዶ» ትላታለች። ሂሻምም ከሷ ሰምቶ ኢዶ ማለት ጀመረ።

አሠራሩን አስረዳቸው። አንዱ ዘፈን ደጋግሞ ይቀረጻል። ከዚያ ከየቅጂው ጥሩ ጥሩው ስንኝ ተቆርጦ ኮምፒውተር ላይ ይገጣጠማል። የሚሰማው ሰው በአንድ ትንፋሽ የተዘፈነ ይመስለዋል።

«አንቺን ቶሎ ስለሚደክምሽ መጀመሪያ ሱሀይራ ሙሉውን ትዝፈነው» አላት። «ሙዚቃውን በሷ አስተካክላለሁ። በኋላ የሷ ወጥቶ ያንቺ ይገባል።»

ሱሀይራ ደጋግማ ዘፈነች። በማግስቱ ናስቲሆ ገባች። እያሳላትም፣ እያረፈችም፣ ውሃ እየተጎነጨችም ደጋግማ ዘፈነች። ሂሻም የሁለቱንም ቅጂ ስማቸውን ጽፎ አስቀመጠ።

አንድ ቀን ናስቲሆ ከሐኪም ቤት በጊዜ ወደ ስቱዲዮው ተመለሰች። ሂሻምና ሱሀይራ አንዷን ማዳመጫ ለሁለት ይዘው ይስቁ ነበር። ሲያዩዋት ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወጡ።

«ምን እየሰማችሁ ነው?»

«ዘፈኑን ነው፣ ኢዶ» አለች ሱሀይራ።

ናስቲሆ ሌላ አልጠየቀችም። ቤት ገብታ ግን እራቷን አልበላችም። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ልጁም ዓይኑን አይነቅልባትም። የኔ ይቀርና የሷ ይገባል፣ እኔ ሆስፒታል ስተኛ እሷ መድረክ ትወጣለች ብላ አሰበች። ካሰበችው በኋላ ሊወጣላት አልቻለም።

ዘፈኑ በሚገጣጠምበት ቀን ወንበር ስባ ሂሻም አጠገብ ተቀመጠች። ሱሀይራ በሩ ጋ ቆማለች።

«ሁሉንም አሰማኝ» አለች። «የትኛው እንደሚገባ እኔ ነኝ የምናገረው።»

ሂሻም የመጀመሪያውን ስንኝ ከየቅጂው እየመረጠ አሰማት። ናስቲሆ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። አንዱ ላይ ስትደርስ እጇን አነሳች።

«ይሄ የማን ነው?»

«ይሄ እኮ ኢዶ...»

«ተወው፣ አትንገረኝ። እኔን ለመምሰል ጉሮሮዋን ታሻክራለች። አውጣው።»

ሂሻም ዞሮ ሱሀይራን አያት። ሱሀይራ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ቀጣዩ ጥርት ያለ፣ ወደ ላይ ሲወጣ የማይንቀጠቀጥ ነበር። የናስቲሆ ፊት ፈካ።

«ይሄ እኔ ነኝ። ይሄን አስገባ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አቦ፣ በገዛ ድምፄ ልታስተምረኝ ነው?»

እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው ስንኝ ወረደች። ይሄ የሷ ነው፣ አውጣው። ይሄ የኔ ነው፣ አስገባው። ሲጨርሱ ተነስታ ወደ ሱሀይራ ሄደችና በጥፊ መታቻት።

«ያሳደግኩሽ እንድትሰርቂኝ ነው?»

«ምንም አልሰረቅኩሽም፣ ወላሂ።»

«ማታ ቤቴ እንዳላገኝሽ። ሐርላ ሂጂ፣ የእናትሽ ዘመዶች ጋ። ለፍየሎቻቸው ዝፈኚ።»

ሱሀይራ ጉንጯን ይዛ ወደ በሩ ዞረች። ስትወጣ ለሂሻም አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ያለችህን አድርግላት።»

ሂሻም ያለችውን አደረገ።

ናስቲሆ ቀዶ ጥገናውን ስታደርግ ከጎኗ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ድምጿ ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ዘፈኑ ግን ወጣ። ባጃጆቹ ይዘውት ዞሩ፣ የታይዋን ሱቆች ከጠዋት ጀምሮ ከፈቱት፣ ያለሱ ሙሽራ የማይገባበት ጊዜ መጣ። ሴቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ እጇን ይስሟት ነበር። «እኛ እኮ ድንኳን ውስጥ ድምፅሽን በደንብ ሰምተነው አናውቅም ኖሯል» ይሏታል። አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ ፈገግ ትላለች።

ሱሀይራ ሐርላ ሆና ሁለት ጊዜ ይቅርታ እንድታደርግላት ሰው ላከች። ናስቲሆ ሽማግሌዎቹን ሻይ እንኳ ሳትጋብዝ መለሰቻቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሂሻም ጋ መጣች። ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«የልጅቷ ስንኞች አሁንም እዚህ አሉ?» አለች በሹክሹክታ።

«ያወጣናቸው? አሉ። ሌላ ቦታ የሉም።»

«አጥፋቸው። ነገ መጥታ ድምፄ ነው እንዳትል።»

ሂሻም ወንበሩን ወደሷ አዞረ።

«ኢዶ፣ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።»

«አንዲት ስንኝ አታስቀርላት።»

ቅጂዎቹን አንድ ላይ መረጣቸው። ቀና ብሎ አያት። እሷ በአገጯ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመችው። አጠፋቸው።

ናስቲሆ ትከሻውን መታ መታ አደረገችውና ደረጃውን ወረደች።

የራሷ የናስቲሆ ድምፅ ተቀርጾ የነበረው እነዚያ ስንኞች ላይ ብቻ ነበር።