የባላባቱ ንግግር

የአንድ ሟች ደራሲን መጽሐፍ ፊልም ያደረገው የጎረቤቴ ልጅ፣ የመጽሐፉ ባላባት መጨረሻ ላይ የሚናገረውን ረጅም ንግግር ቆርጦ ጣለው። ስለ በደል፣ ስለ ነፍስ፣ ምን የማይለው አለ! «ማን ቁጭ ብሎ ይሰማዋል እትዬ?» አለኝ። በምትኩ ባላባቱ ባርኔጣውን አውልቆ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ በቃ። ግን «የሙት ቃል ቆረጥኩ» እያለ ይጸጸታል።

ለፊልሙ ምርቃት፣ ደራሲው ፈቶ በወጣት ሚስት የለወጣትን ይመኙሻልን ይዣት ሄድኩ። ፊልሙ ሲያልቅ ልጁ መጥቶ ጉልበቷን ሊስም አጎነበሰ።

«እንዴት ነበር እማማ?»

«ጥሩ ነው። ንግግሩ የታለ?»

«ረዝሞብኝ ቆረጥኩት። ተቀየሙኝ?»

«ምን ልቀየም፣ ምን እንደሚል መች አውቄው! ሽማግሌዎች ሟቹን ‹ይቅርታ ጠይቃት› ሲሉት፣ ‹ይቅርታዬ እዚያ ንግግር ውስጥ አለ፤ ታንብበው› ብሎ መለሳቸው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ፊልሙን ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»