ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ሴት

ባልየው ጡረታ ሲወጣ አየር ማረፊያው እንደ ወጉ ሰዓት አልሸለመውም፤ ሲጠቀምበት የኖረውን ሬዲዮ መቀበያ አሸክሞ ሰደደው። የቤት ሬዲዮ እንዳይመስላችሁ፤ የባለሙያ ዕቃ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ አየር ላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ አፍሶ ይቀዳል፤ የትኛውን ልስማ የሚለው ለዓመቱም ቢሆን ይደርሳል። አንድ ካርቶን አሮጌ የማማ ድምፅ ቅጂም ይዞ መጣ። ሚስቱም እዚያው ሠርታለች፤ እሷ የወጣችው ቀደም ብላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምሳ እንደበላ በሩን ይዘጋል፤ ብቻውን ፈገግ ይላል። ሚስቱ ሻይ ይዛ በሩን በማንኪያ ቆርቆር ስታደርግ ስክሪኑን ቶሎ ያጠፋል።

ዓምና የገባችው ጎረቤት አላስችል አላት።

«እህቴ፣ ልንገርሽ አልንገርሽ ስል ከረምኩ። በግድግዳው የሴት ድምፅ ይሰማኛል። ለጋ ናት። ትስቃለች ደግሞ።»

ሚስትየዋ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ማማው ላይ አውሮፕላን የምታሳርፍ አዲስ ልጅ ገብታለች አሉ። ከጠረጠሩ መመንጠር ነው።»

ሚስትየዋ የገበያ ዝርዝሯ ጀርባ ላይ «ተይኝ» ብላ ጽፋ አስጨበጠቻት። ግድግዳው ጆሮ እንዳለው ገና መስማቷ ነበር።

ጎረቤቷ ስትወጣ ግን ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች። ሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ሻንጣ ውስጥ አልገባ አለ። ከቅናቱ ፍርሃቱ ባሰባት፤ ሳትናገር ሐሳቧ የሚገባው ሰው ከእሱ ሌላ የላትም።

በማግስቱ ባልየው ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ክፍሉ ገባች። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊና ቢጫ መስመሮች ይወርዳሉ። አጠገቡ በእሱ ጽሑፍ የተሞላ ደብተር አለ፦ «9፡40 ትስቃለች። 10፡05 ጉንፋን ይዟታል። 11፡15 ደህና ግቡ ትላለች።»

ጉንፋኗን ሳይቀር መዝግቦላታል። ሚስትየዋ ጎረቤቷ እንዳትሰማ ማዳመጫውን አጥልቃ ማጫወቻውን ተጫነች።

«ሰባ አራት፣ ነፋሱ ከግራ ነው፤ ማረፍ ትችላለህ» አለች ሴቲቱ፤ ሳቅም አመለጣት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሐኪሞች ማንቁርቷን ሲያወጡ አብሮ የሄደው የራሷ የሚስትየዋ ድምፅ ነበር።