መጠጥ የተወው ሰው

ሐኪሟ ውጤቱን ካየች በኋላ ወንበሯን ወደ በሽተኛው አስጠጋች።

«ኩላሊት ደምን አጣርቶ ቆሻሻውን በሽንት ያስወጣል። የእርስዎ ግን ማጣራቱን እየተወ ነው፤ ሽንትዎ የቀነሰውም፣ ፊትዎ ያበጠውም ለዚህ ነው። የባህል መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ! እንዲያውም ሰው የሆንኩት ዘንድሮ ነው። አረቄ እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ። ሚስቴን ይጠይቋት።»

አጠገቡ የተቀመጠችውን አስካለን በኩራት ተመለከታት።

«እንዴት ተዉት?»

«እኔም ገርሞኛል። አንድ ቀን ገና ሲሸተኝ አቅለሸለሸኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። የእሷ ጸሎት ነው።»

ሐኪሟ ፊቷን ወደ ሚስትየው አዞረች። አስካለ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር።

«መጠጥ ያስጠላል ብለው አንድ ሥር ሰጡኝ» አለች። «ሳይነቃብኝ ወጡ ውስጥ እጨምርለታለሁ።»

ሰውየው ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አንቺ?» አለ። «በእጅሽ እያጎረስሽኝ?»



«መቼ ነው ያቆሙት?» ስትል ሐኪሟ ጠየቀቻት።

አስካለ ማልቀስ ጀመረች።

«ተመልሶ እንዳይጠጣብኝ ፈራሁ» አለች። «ዛሬም ቁርሱ ላይ አድርጌለታለሁ።»