ሸለምጥማጥ የማይገባበት ኩሬ

ደገኛው ሰፋሪ ከሐይቁ ዳር ባለው ጫካ ውስጥ ለዳክዬዎቹ ኩሬ ቆፈረላቸው። ብዙም ሳይቆይ ዳክዬዎቹ ይጎድሉ ጀመር። «ሸለምጥማጥ ነው» ብሎ ዙሪያውን በእሾህና በሽቦ ድርግም አድርጎ አጠረው። መጉደላቸው ግን አልቆመም፤ ከአጥሩ ውጭም አንዲት ላባ እንኳ ወድቃ አላየም።

«እኔስ ይሄ ውሃ አላማረኝም» አለችው ሚስቱ ትርንጎ።

«አታሟርቺ እንግዲህ!»

እሱ ተስፋ ያደረገው ኩሬው ዳር አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ባገኛቸው ነጫጭ እንቁላሎች ነው። ዳክዬዎቹ ከሌባ የሸሸጓቸው መስሎት አሸዋውን መልሶ አልብሷቸው ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ከአሸዋው ውስጥ የጫጩት የሚመስል ድምፅ ሰማ። ደስታው ወሰን አጣ።

«ትርንጎ! ነይ እዪ፣ ሊፈለፈሉልን ነው!»

«መጣሁ፣ ይቺን አረም ልጨርስ!» አለች ከድፍርሱ ውሃ ውስጥ።

አሸዋውን በእጁ ማስ ማስ ሲያደርገው የመጀመሪያው ብቅ አለ። ምንቃር የለውም። በጥቃቅን ጥርሶች ጣቱን ነክሶ የያዘው የአዞ ግልገል ነበር።

ዳክዬዎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተንጫጩ ከኩሬው ወጡ። ትርንጎ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ አረሟን ትነቅላለች።